ከሦስተኛው ገጽ የሚመለሱ ሰዎች

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ስም ለመጻፍ የስም ክፍል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የስም ክፍልን ደግሞ ካለፈው ዓመት ወዲህ ያገኘው ሰው የለም። ስለዚህ ከተማችን እያልኩ እቀጥላለሁ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በደጃፍ መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩት ፊደል ስለማልሳሳት ነው። ሥራዬ በሰው ስልክ ላይ የሚወጡትን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ነው። «እንኳን ደኅና መጡ»፣ «ይቀጥሉ»፣ «ጊዜዎ አልቋል፤ እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ» የሚሉት ሁሉ የእኔ ናቸው። ሹማችን «ዋሴ የጻፈው መልሶ አይነበብም» ይላሉ። ሊያመሰግኑኝ ነው። እውነትም ማንም መልሶ አያነበውም።

በከተማችን እያንዳንዱ ቤት የደጅ ወረቀት አለው። መዳፍ የሚያህል ወፍራም ወረቀት ነው፤ «ይህ ደጅ የእገሌ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ማኅተም አለበት። አብዛኛው ሰው በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጠዋል፤ ፍራሽ ውስጥ የሚሰፋውም አለ። ድሮ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ይመጣ ነበር። ባለ ደጁ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይሰጣል፤ ጸሐፊው በሁለት እጁ ይቀበላል፤ አይቶ በሁለት እጁ ይመልሳል። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሰው ምሳውን ቋጥሮ ይመጣ ነበር ይባላል።

ከሁለት ዓመት በፊት መስኮቱ ተዘጋና «ዓይን» የሚባለው መተግበሪያ መጣ። ዓይን ስልክ ላይ ይጫናል፤ አራት ገጽ አለው። በመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ይቀርባል። በሁለተኛው ባለ ደጁ ስሙን ይጽፋል። በሦስተኛው ካሜራው ይከፈትና አንድ አራት ማዕዘን ይታያል፤ ከሥሩ «ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ወረቀትዎን በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ያሳዩ፤ አይንቀጥቀጡ» ይላል። ስድሳ እስኪቆጠር ድረስ ይጠብቃል። ወረቀቱን ካየ ራሱ ፎቶ ያነሳና አራተኛው ገጽ ይመጣል፤ በእሱ ላይ «ታይቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለ። ይህን ቃል ስጽፍ ግማሽ ቀን አስቤበታለሁ።

ክረምት ሳይገባ ወረቀቱ ያልታየለት ሰው በሩ ይወሰዳል። ቤቱን ማንም አይነካበትም። ነገር ግን ያልታየ በር በር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ይገባል። ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው።

በር የሌለው ቤት በከተማችን ከባድ ነገር ነው። እኛ ጋ ሳያንኳኳ ወደ ሰው ቤት የሚገባ የለም፤ የሚንኳኳ ነገር ከሌለ ደግሞ ማንም አይመጣም። ደብዳቤ አመላላሹ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። ሠርግ ጠሪው ያልፋል። ክፍት ቤት ውስጥ መመልከት ነውር ስለሆነ ጎረቤት እንኳ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። አክብሮ ነው የሚያደርገው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በቢሯችን ስመኝ የምትባል ቆጣሪ አለች። አንድ ሰኞ ጠዋት መዝገቧን ይዛ ገባችና ዓይንን ከሚጀምሩት መቶ ሰዎች ሰባ አንዱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ትተው እንደሚሄዱ ተናገረች። ሹሙ እነዚህ ሰዎች ስም ሊኖራቸው ይገባል አሉ፤ «ተመላሾች» ተባሉ። ከዚያም ለምን እንደሚመለሱ ተጠየቀ። የማባበያ ክፍል ኃላፊው አቶ ደምለው ወዲያው መልስ ነበራቸው። ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ልቡ ይደክማል፤ ስለዚህ መባበል አለበት አሉ።

በሦስተኛው ገጽ ላይ የሚስቅ በር ተሳለ። ተመላሾቹ ሰባ ሦስት ሆኑ። ቀጥሎ ካሜራው ሲከፈት ከበሮ እንዲመታ ተደረገ። ሰዉ ሠርግ ያለ መስሎት ወደ ደጅ እየወጣ ሰባ ስድስት ደረሱ። ከዚያ አረንጓዴው ቁልፍ ወደ ሌላ አረንጓዴ ተለወጠ። ቁጥሩ ሰባ ስድስት ላይ ቆመ፤ ስላልጨመረ በቢሮው ለስላሳ ተጠጣ። ከዚያ ደግሞ ለሚሄዱት ሰዎች «ለምን ይሄዳሉ?» የሚል ተጨማሪ ገጽ መጣ፤ ምርጫዎቹ «ሰልችቶኝ»፣ «ቸኩዬ» እና «ወረቀቴን ስለማልወደው» የሚሉ ነበሩ። አንድም ሰው አልመረጠም። ስመኝ ይህን «ሳይመልሱ የቸኮሉ» ብላ መዘገበችው። በመጨረሻ አቶ ደምለው ብዙ ጊዜ የተሰጠው ሰው ይሰለቻል ስላሉ ስድሳው ወደ አርባ ተቀነሰ። ተመላሾቹም ሰማንያ አራት ሆኑ።

ለጥንቃቄ ጉድለት ማንንም አልወቅስም። እያንዳንዱ ለውጥ ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በቢሯችን ይፈተን ነበር። ሹሙ የራሳቸውን የደጅ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፤ እኔ ስልኩን ይዤላቸው እቆማለሁ፤ ስመኝ ትቆጥራለች። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሳይሞላ «ታይቷል» ይል ነበር። ሹሙ ወረቀታቸውን እያጠፉ «ዓይኑ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሰዉ ነው» ይላሉ። ይህ ፈተና ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተደርጓል፤ ሁሉንም ጊዜ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነበር። ዓይን ተመላሹ ከመሄዱ በፊት በመጨረሻ ያየውን ነገር ያስቀምጣል። ማንም አይመለከተውም እንጂ ሥዕሎቹ መዝገብ ቤት ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከፈትኳቸው። ግድግዳ፣ በከፊል የታየ ጣት፣ የሸሸ ዶሮ አያለሁ ብዬ ነበር። ያየሁት ጣሪያ ነው። አንዱ ጣሪያ፣ ሌላው ጣሪያ፣ ሦስተኛውም ጣሪያ። የቆርቆሮ፣ የሸራ፣ በጋዜጣ የተለበጠ፣ ሸረሪት ያደራበት። ለጥቂቶቹ ሰማይ። ሁሉም ጥርት ብለው የተነሱ ናቸው፤ ስልኩ ወድቆ ቢሆን ይወላገዱ ነበር። ሰዎቹ ስልካቸውን በፊቱ ቀስ አድርገው ደፍተው ነው የሄዱት። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ስልክ እንዲህ አያስቀምጥም። ወዴት ይሆን የሚሄዱት? ለሁለት ሳምንት በየምሳ ሰዓቱ የከተማችንን ጣሪያዎች ሳይ ሰነበትኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ የማውቀው ጣሪያ መጣ። ዝናብ ያፈሰሰበት የጫማ ቅርጽ ያለው እድፍ ነበረው። ያ እድፍ እኔ በምኖርበት ቤት ከሳሎኑ መሐል በላይ ነው። አገላበጥኩ፤ ያው ጣሪያ አራት ጊዜ ነበር።

የምኖረው እትዬ ትርንጎ ቤት በኪራይ ነው። እትዬ ትርንጎ ወንፊት ይሠራሉ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ክቡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽቦውን ይወጥራሉ። ገዢ በራቸውን እያንኳኳ ይመጣል። አንድ ልማድ አላቸው፤ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ቢያውቁም «ማነው?» ይላሉ። እኔን በእርምጃዬ ከመንገዱ ጥግ ጀምረው ይለዩኛል፤ ቢሆንም ለስድስት ዓመት በየቀኑ «ማነው?» ብለውኛል፤ በየቀኑም «ዋሴ ነኝ» ብያለሁ።

አራት ጊዜ ሞክረው አራት ጊዜ መመለሳቸውን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። እራት ላይ ልጠይቅ እያሰብኩ ጨው አቀብሉኝ እላለሁ። ሰው አራት ጊዜ ያልሆነለትን ነገር ከአፉ ማውጣት ደግ አይመስለኝም ነበር። እንዲህ ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ክረምት ገባ።

በር ነቃዩ ጋሽ ባንተይርጋ የመጡት ጠዋት ነው። ካቻቪቴያቸውን ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ባንተይርጋ ነኝ እትዬ። በሩን ልወስድ ነው።»

«ቆይ ልክፈትልህ።»

ከፈቱላቸው። ከላይ ያለው ማጠፊያ ሩቅ ስለነበር የሚቆሙበት ዱካ አቀረቡላቸው። ጋሽ ባንተይርጋ ብሎን በፈቱ ቁጥር ስለ ድምፁ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ በሩ ላይ በኖራ 412 ብለው ጻፉ፤ ያንኑ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በሁለት እጃቸው ሰጡ፤ በሩን ጋሪ ላይ ጭነው ሄዱ።

እትዬ ትርንጎ መጋረጃ ሰቀሉ። መጋረጃ አይንኳኳም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ወንፊት ሠሩ፤ በሁለተኛው አራት። የሚገዛ ስላልነበረ ወንፊቶቹ ግድግዳው ሥር እየተደራረቡ ሄዱ። የጎረቤቶቹ እግር ከመጋረጃው ሥር ሲያልፍ ይታያል፤ እዚያ ጋ ሲደርስ ፈጠን ይላል። እኔ ከሥራ ስመለስ መጋረጃውን ገልጬ እገባለሁ። ማነው የሚለኝ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ጠየቅኳቸው። ለምን ከሦስተኛው ገጽ ይመለሱ እንደነበር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ ፊታቸውን ላለማየት የጫማዬን ክር እፈታ ነበር።

«እኔ መቼ ተመለስኩ?» አሉ። «ሰው ልጠራ ነው የወጣሁት።»

ቀና አልኩ።

«ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ስልኩን በምን ልያዘው፣ በጥርሴ? ስልኩን አስቀምጬ ያዢልኝ ልላት ወደ ጎረቤቴ እወጣለሁ። ይዣት ስመለስ ጊዜዎ አልቋል ይለኛል። ደግሞ አጻጻፉ ማማሩ።»

ያንን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር። ታዲያ ለምን እኔን አልጠሩኝም አልኳቸው።

«አንተ የት ትገኛለህ? ሰው ለምን አያልፍም እያላችሁ ስትሰበሰቡ ነው የምትውሉት።»

 ሰማንያ አራት ሰው ከመቶ። ማንም አልሰለቸውም፤ ማንም አልቸኮለም። ሁሉም ስልካቸውን በፊቱ ደፍተው ሰው ሊጠሩ ወጥተው ነበር። እኛ ደግሞ ጊዜያቸውን ቀነስንባቸው።

ማኅተም ያለበት ነገር በአንድ እጅ እንደማይያዝ የሚያዝ ሕግ የለም። ማንም አስተምሮን አያውቅም። ራሴን ለመፈተሽ ወረቀቱን ተቀብዬ በቀኝ እጄ ብቻ ልይዝ ሞከርኩ፤ ግራ እጄ ስልኩን ትታ መጣች። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና መጣች። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ላኑረው ጎንበስ ስል እትዬ ትርንጎ ከእጄ ነጠቁኝ፤ «ምን ሊሆን ነው መሬት የሚወርደው?» አሉ። እንደተቆጡም ዱካቸው ላይ ተቀመጡና ሥራቸውን ቀጠሉ። ወንፊቱ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ወረቀቱን የሚያኖሩበት ስላጡ ወንፊቱ ላይ አኖሩት።

ሁለታችንም አየነው።

ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። ሦስተኛውን ገጽ ከፈቱ፤ ጎንበስ አሉ። ዘጠኝ ስቆጥር «ታይቷል» አለ።

«ቁሙ ባትለኝ እኮ ድሮ ቁጭ እል ነበር» አሉኝ።

ወረቀቱ ታየ፤ በሩ ግን ግቢው ውስጥ ነው። የተወሰደ በር የሚመለሰው የመመለሻ ማስታወቂያ ሲወጣ ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ይናገራል።

በማግሥቱ ፈተና ነበረን። አቶ ደምለው ከበሮውን በእምቢልታ ሊተኩ ፈልገው ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ስልኩን መያዝ ሲገባኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ሹሙ ወረቀታቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙና ጠበቁ። እምቢልታው ነፋ። ስመኝ መቁጠር ጀመረች።

«ስልኩን» አሉ ሹሙ።

«ክቡር ሹም፣ ቤትዎ ብቻዎን ነዎት» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ሹሙ ስልኩን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ። አሥራ ሁለት ላይ በክርናቸው ስልኩን ሊያነሱ ሞከሩ። ሃያ ላይ አቶ ደምለው አገጭ ቢጨመርበት አሉ። ሠላሳ ላይ ሹሙ ወረቀቱን በቀኝ እጃቸው ብቻ ለመያዝ ሲሞክሩ ግንባራቸው በላብ ራሰ፤ ግራ እጃቸው ሳያዟት ተመልሳ መጣች። ሠላሳ አምስት ላይ ወደ በሩ ሄደው ኮሪደሩ ላይ «ማን አለ እዚያ?» ሲሉ ሰማን። ሰው ይዘው ሲመለሱ ስልኩ ጊዜያቸው ማለቁን በትሕትና ነገራቸው።

ስመኝ ጎንበስ ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች፤ አንድ ተመላሽ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰባ ሆነ። አቶ ደምለው ለእያንዳንዱ ባለ ደጅ አንድ ሰው እንዲመደብለት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተወደደ፤ የሚመደቡት ሰዎችም የየራሳቸው ደጅ እንዳላቸው እስኪታወስ ድረስ ጥናት ተጀምሮለት ነበር። እኔ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ቁጭ ይበሉ፤ ወረቀትዎን ጉልበትዎ ላይ ያኑሩ፤ ስልኩን በሁለት እጅዎ ይያዙ» ብዬ ጽፌ ለስመኝ ሰጠኋት፤ እሷ አነበበችላቸው። መሥሪያ ቤቱ ፊት መቀመጥ አይቻልም ተባለ። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ዓይን የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን ስላልሆነ፣ የተቀመጠ ሰው እንደ ቆመ እንዲቆጠር ተወሰነ።

ተመላሾቹ ከሰማንያ አራት ወደ ዘጠኝ ወረዱ። ይህ የመጣው በአዲሱ አረንጓዴ ምክንያት መሆኑ ስለታመነ አቶ ደምለው ሜዳልያ ተሸለሙ። አላስከፋኝም። እኔ የዘጠኙን ጣሪያ እያየሁ ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን ተከተሉ። አንደኛው ጉልበት ነው። አሁን የሚመጣው ፎቶ ሁሉ ከወረቀቱ ግራና ቀኝ ጉልበት አለበት፤ የሱሪ፣ የቀሚስ፣ የሽርጥ፣ አንዳንዱ ላይ ድመት። መዝገብ ቤቱ አቤት አለ። የጉልበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲመረምር ትክክለኛ ወረቀት ሁሉ ጉልበት እንዳለው ስላገኘ፣ ጉልበት የሌለው ወረቀት እንደ ሐሰተኛ እንዲቆጠር ወሰነ። ጉልበት አራተኛ ማኅተም ሆነ።

ሁለተኛው የእኔ ጥፋት ነው። ቁጭ ይበሉ ብዬ ጽፌአለሁ፤ ቁጭ የሚያሰኝ መሥሪያ ቤት መቀመጫ ማቅረብ አለበት ተባለ። ለየሰፈሩ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ ታዘዘ። እንጨት ደግሞ ከግቢው ሞልቷል። አናጢዎቹ ሰኞ እንዲጀምሩ፣ ከላይ ከተደረደሩት በሮች እየወረዱ እንዲሄዱ ተወሰነ። ከላይ የተደረደሩት በመጨረሻ የመጡት ናቸው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ከላይ ስምንተኛ ነበር፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሹሙ ጠሩኝና የመመለሻውን ማስታወቂያ ቃል በቃል አጻፉኝ። «ወረቀታቸው የታየላቸው ባለ ደጆች ከረቡዕ ጀምሮ ብቻቸውን መጥተው በራቸውን ተሸክመው ይውሰዱ» የሚል ነው። ሥርዓት እንዳይበላሽ ብቻቸውን መሆናቸው ላይ ሁለት ጊዜ አሳሰቡኝ። ለምን ከሰኞ በፊት እንዳልሆነ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር። ሳልጠይቅ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በር ከባድ ነገር ነው። ብቻውን የሚሸከመው የለም። ሰዉ ይመጣል፤ በሩን ያያል፤ ከዚያ ሰው ሊጠራ ይወጣል። ሲመለስ የሚጠብቀው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ጽፌው አላውቅም እንዴ?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ወረቀትዎ ከታየልዎ፣ ከነገ ቅዳሜ ጀምሮ ከሚያግዝዎ ሰው ጋር መጥተው በርዎን ይውሰዱ።» ፊደሉን ሁለት ጊዜ አየሁት። ስሕተት አልነበረውም። ላኩት።

ማንም መልሶ አላነበበውም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሁለት ሁለት ሆኖ በመጣ ሰው ሞላ። ባልና ሚስት፣ ወንድማማቾች፣ ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ከነሐኪሙ የመጣ በሽተኛ። ለሳምንታት ፊታቸውን ሲያዞሩ የነበሩ ሰዎች የሰውን በር ከአንድ ጫፍ ይዘው «ቀስ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እኔ» ይባባላሉ። ከቀሩት በሮች መሐል አንዱ «የስም ክፍል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ወረቀቱ ያልታየለት ራሱ የስም ክፍል ነበር። የሚወስደው አልመጣም።

እኔና እትዬ ትርንጎ አራት መቶ አሥራ ሁለትን አወረድን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መውጫው ላይ ጋሽ ባንተይርጋ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ወረቀት» አሉ።

አራቱም እጃችን በሩን ይዞ ነበር። እትዬ ትርንጎ በአገጫቸው ወደ ደረታቸው አመለከቱ። ወረቀቱ ነጠላቸው ውስጥ ተቋጥሮ ነበር። ጋሽ ባንተይርጋ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ቋጠሮውን ፈቱና ወረቀቱን በአክብሮት በሩ ላይ፣ በሁለታችን መሐል አኖሩት። ስልካቸውን አውጥተው አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጉልበት የለውም፣ እትዬ።»

«ምን የለውም?»

«ጉልበት። ያለ ጉልበት አያሳልፍም። አዲስ ደንብ ነው።»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ቆመ። አንድ ሰው በሩ ከበደኝ አለ። እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩና አዩኝ፤ ይህንንም አንተ ነህ የጻፍከው የሚል አተያይ ነበር። 

«አስቀምጠው» አሉኝ።

በሩን መሬት ላይ አስተኛነው። እትዬ ትርንጎ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በራሳቸው በር ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አጠፉ፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን ከግራና ከቀኝ በሩ ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ጋሽ ባንተይርጋ ጎንበስ አሉ። ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳያስበው አብሮ ይቆጥር ነበር። ሰባት ላይ «ታይቷል» አለ።

«ሁለት ጉልበት፣ አንድ ወረቀት» አሉ ጋሽ ባንተይርጋ። «ይነሱ፣ እትዬ። ላግዝዎት?»

«ሰው አለኝ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ሰኞ አናጢዎቹ ሲመጡ ግቢው ውስጥ ያገኙት የስም ክፍልን በር ብቻ ነው። ከእሱ አንድ አጭር ወንበር ወጣ። ማስታወቂያውን ማን እንዳጣመመው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጽሑፉ የፊደል ስሕተት ስላልተገኘበት ትክክል ነው ተብሎ ተዘጋ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ሁለት ቦታ አረፍን። ቤት ስንደርስ እትዬ ትርንጎ መጋረጃውን አውልቀው ወንፊቶቹን በጨርቁ ሸፈኑ። በሩን ከመቃኑ ጋር አስተካክለን ያዝነው። ብሎኖቹን ከጎረቤት በተዋስኩት ካቻቪቴ እኔ አጠበቅኩ፤ እሳቸው ከታች በእግራቸው ደገፉ። በላይኛው ማጠፊያ በኩል ትንሽ ተንጋዶ ነበር። የኖራውን ቁጥር አላጠፉትም፤ ይቆይ አሉ።

ካቻቪቴውን ለጎረቤት መልሼ ስመጣ በሩ ተዘግቷል። መዘጋቱን ለማየት ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። እርምጃዬን ከመንገዱ ጥግ ጀምረው ሰምተውኛል፤ ከውስጥ የሽቦው ድምፅ ቆሟል። እጄን አንስቼ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ።